የአሥራ ሁለቱ አዛውንት ቂጣ

ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ ደቂቃ» ይላታል። ለገዛ ሠርጉ አምስት ደቂቃ ያረፈደን ሙሽራ በር ላይ ጠብቃ ተቆጥታዋለች እየተባለ ይወራባታል፤ ውሸት አይደለም። የቂጣ በዓል ሲቃረብ ግን፣ ከምኩራቡ ጀርባ ባለው መጋገሪያ ውስጥ ቀልድ የለም። ውኃ ዱቄቱን ከነካበት ጊዜ አንስቶ ቂጣው ምድጃ እስኪገባ የሚፈቀደው አሥራ ስምንት ደቂቃ ብቻ ነው። ካለፈ እንደቦካ ይቆጠራል፤ የቦካ ነገር ደግሞ በዚያ ሳምንት እንኳን ሊበላ ቤት ውስጥም አይገኝም። ሰዓት ይዛ የምትቆመው እሷ ናት። ሠላሳ ዓመት ቆማለች፣ አንድም ቀን አልተሳሳተችም።

ያን ቀን ጠዋት የቀረው አንድ ከረጢት ዱቄት ነበር፤ ከአጨዳ ጀምሮ ጠብታ ውኃ እንዳይነካው የተጠበቀ። የየቤተሰቡ ድርሻ ተጋግሮ ሄዷል። ይሄኛው የመጦሪያ ቤቱ አሥራ ሁለት አዛውንት ድርሻ ነው፤ ከነሱ አንዷ ዓይነ ስውር እናቷ ናቸው። በዓሉ ነገ ማታ ይገባል።

«ውኃ!» አለች። ጋጋሪዎቹ ሴቶች ለውሰው ማሸት ጀመሩ።

አራተኛው ደቂቃ ላይ በሩ ተበረገደ። ታናሽ ወንድሟ፣ የምኩራቡ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ሁለት የከበሩ እንግዶችና አንድ ፎቶ አንሺ አስከትሎ ገባ።

«እጃችሁን አንዴ አቁሙ! ወደዚህ ዙሩ፣ ፈገግ በሉ!»

«አይቆምም» አለች። «ሊጥ እጅ ካልነካው ይቦካል።»

«እትዬ፣ እንግዳ ፊት አታሳፍሪኝ። አንዲት ፎቶ ናት።»

አንዲቷ ፎቶ አሥር ሆነች። በአንዱ ፎቶ አንደኛው እንግዳ ዓይኑን ጨፍኗል፣ በሌላው ሊቀመንበሩ በደንብ አልወጣም። ሴቶቹ እሱን ፈርተው እጃቸውን አንጠልጥለው ቀሩ። እሷ «ዘጠኝ!» አለች፣ «አሥራ ሦስት!» አለች፤ ማን ሰምቷት! የሊጥ መዳመጫቸውን ሲያነሱ አሥራ ዘጠኝ ሆኖ ነበር፤ ምድጃ የገባ አንድም ቂጣ የለም።

«አለቀ። ይጣል» አለች።

ወንድሟ ክንዷን ይዞ ወደ ጥግ ሳባት። «አንድ ደቂቃ ምን ታመጣለች? ማን ያውቃል?»

«እኔ!»

«ሰዓትሽ ይቀድማል መሰለኝ።»

ደሟ ፈላ። አዝላ ያሳደገችው ልጅ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ የሠላሳ ዓመት ሥራዋን ውሸት ሊያደርግባት! «ይጣል ብያለሁ!» ብላ ሽርጧን ወርውራ ወጣች። አዛውንቶቹ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ራሷ ብትነግራቸው ይሻላል።

መንገድ ላይ ግን ቆም አለች። ዓመቱን ሙሉ ይህችን ቀን ለሚጠብቅ ሰው «ዘንድሮ የለም» ተብሎ እንዴት ይነገራል? አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ቃል ስትፈልግ ቆየች። ያንገበገባት የዱቄቱ መበላሸት አይደለም። «ማን ያውቃል» ያለው ነው።

መጦሪያ ቤቱ ስትደርስ የወንድሟ መኪና ደጃፍ ላይ ቆሟል። አዳራሹ ውስጥ አዛውንቶቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ በያንዳንዳቸው ጭን ላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ቂጣ አለ። ሊቀመንበሩ መሀል ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ሌላ ዱቄት አልነበረም። ያው ሊጥ ነው፤ እሷ ከወጣች በኋላ አስጋግሮት በመኪና ቀድሟታል።

«ይሄን ልታበላቸው?» አለችው።

ወንድሟ ለእንግዶቹ ፈገግ አለ። «እህቴ ናት፣ ደክሟት ነው።»

ከዚህ በኋላ ማንንም አልሰማችም። ከጭን ጭን እየዞረች ትሰበስብ ጀመር። «ይስጡኝ አባባ፣ የቦካ ነው። ይስጡኝ እማማ፣ ሰዓቱ አልፎበታል።» አንድ ሽማግሌ ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው እምቢ አሉ። ጣታቸውን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረባት። ወንድሟን ለዚህ እስከ ዛሬም ይቅር አላለችውም።

ዓይነ ስውሯ እናታቸው የያዙትን ራሳቸው ዘረጉላት። ከዚያ «ማነው ያስዘገየው?» ብለው ጠየቁ።

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር፤ ዋጠችውና ወንድሟ ላይ አፈጠጠች። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አደረገ።

«እኔ ነኝ» አለ ወንድሟ በመጨረሻ።

«ታዲያ ምን ትገተራለህ? የተጋገረለት ቤት ሁሉ አንድ አንድ ቢያካፍል አይሞትም። ሂድና ለምናቸው።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ሊቀመንበር ነኝ!»

«ሊቀመንበር ሆነህ ያበላሸኸውን፣ ልጄ ሆነህ ለምነህ አምጣ።»

ሄደ። እህቱም ሦስት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርታ ተከተለችው፤ አታምነውም። የመጀመሪያውን በር ልብስ ሰፊው ከፈተ። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንዴት ዋላችሁ፤ ለአዛውንቶቹ መጠነኛ ጉድለት ስላጋጠመ…»

«በሩን ዝጋው» አለችው እህቱ ልብስ ሰፊውን። ሰውየው ግራ ገብቶት ዘጋው።

«እንደገና አንኳኳ።»

ላቡን ጠርጎ አንኳኳ። በሩ ተከፈተ።

«የአዛውንቶቹን ቂጣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለ፣ ጫማውን እያየ።

ልብስ ሰፊው ገብቶ አንድ ቂጣ በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣለት።

«በል ቀጥል» አለችው። ንዴቷ ገና አልበረደም፤ አሥራ አንድ በር ይቀራል።