በየጨዋታው ሃያ አምስት

የቤዝቦል ክለቡ ኮልቢ ራስክን ያባረረው የታዘዘውን ስለፈጸመ ነው። ያው ትእዛዝ የተሰጣቸው ሌሎች ሰባት ወርዋሪዎች አልፈጸሙም፤ እነሱ ቀሩ፣ እሱ ተባረረ።

ማርሊስ ትቬት ይህን ያወቀችው ማክሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ልጁ የስንብት ወረቀቱን ከፈረመ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። የነገራት ኳስ ያዡ ባርጋስ ነበር፣ እሱም በቀልድ። የእግር መከላከያውን ታቅፎ ከተመልካች መቀመጫዎች ሥር ወዳለችው የአሰልጣኙ የሮይስ ቢሮ ገባና፣ ማርሊስ እዚያው ተቀምጣ ሳለ፣ ለሮይስ፣ “አለቃ፣ ትንሽ የማጽጃ አልኮል ስጠኝ። የሂሳብ ትምህርቱ ስላበቃ ሰሌዳዬን ላጥፋ” አለ። መከላከያው ላይ በጥቁር ማርከር የተሰመሩ ጭረቶች ነበሩ፣ አምስት አምስት ሆነው የታሰሩ። ማርሊስ ምን እንደሆኑ ጠየቀችው።

ኮልቢ የሚወረውር ቀን፣ ባርጋስ በየዙሩ መሃል ልጁ የወረወራቸውን ዘገምተኛ ኳሶች እዚያ ላይ ያሰምራል። ሃያ አምስት ሳይሞሉ ኮልቢ ከሜዳ መውጣት አይወድም። ሰኔ ውስጥ በአንድ ነጥብ እየመሩ ስድስተኛው ዙር ላይ ደርሰው ቁጥሩ ገና ሃያ አንድ ነበርና አራቱን አከታትሎ ወረወራቸው። መቺው አራተኛዋን ከግራ አጥር በላይ አሳልፎ ወንዙ ዳር ከቆሙት መኪኖች መሃል ጣላት።

“አብደሃል ወይ አልኩት” አለ ባርጋስ። “ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‘ሞላ’ አለኝ።”

ሮይስ ሳቀ። ማርሊስ አልሳቀችም። ባርጋስ አልኮሉን ይዞ እንደወጣ ኮምፒውተሯን ከፈተች።

ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። የስታቲስቲክስ ዲግሪ አላት፤ ከዋናው ክለብ ቢሮ ተልካ በሥሩ ያሉትን አራት የታዳጊ ቡድኖች ወርዋሪዎች ትመዝናለች። ፖርት ዲላርድ ከአራቱ የታችኛው ነው። የሚመዘነው ከሃያ እስከ ሰማንያ ነው፤ ሃምሳ ያገኘ በዋናው ሊግ ከመካከለኞቹ ጋር ይሰለፋል። ለኮልቢ ዘገምተኛ ኳስ አርባ የሰጠችው እሷ ናት። በሐምሌው የስንብት ዝርዝር ላይም ስሙን ያስገባችው እሷው ናት፤ ከፖርት ዲላርድ ወርዋሪዎች ሁሉ ብዙ ነጥብ የተቆጠረበት እሱ ስለነበር።

ትእዛዙንም የጻፈችው እሷ ናት። የዘንድሮው ውድድር ከመጀመሩ በፊት፣ ከፈጣን ኳስ በቀር ሌላ የሌላቸው ስምንት የፖርት ዲላርድ ወርዋሪዎች ተመርጠው ነበር። ዘገምተኛ ኳስ ሲወረወር ክንድ እንደ ፈጣኑ ይወናጨፋል፣ ኳሷ ግን ዘግይታ ትደርሳለች፤ መቺው አየር ይመታል። እስኪለመድ ድረስ ግን የሚመታው ወርዋሪው ነው፣ ለወራት። ስለዚህ በአንድ ገጽ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ በየጨዋታው ሃያ አምስት፣ የጨዋታው ሁኔታ ምንም ይሁን ምን፣ እስከ ነሐሴ መጨረሻ። “በውጤቱ ማንም አይጠየቅም” የሚለውን የመጨረሻ መስመር ስትጽፍ ደስ ብሏት እንደነበረ አሁን ትዝ አላት።

ቆጠረች። ሰባቱ በሚያዝያ በአማካይ ሃያ ሁለት ወርውረዋል፣ በግንቦት ዘጠኝ፣ በሰኔ አራት። ኮልቢ በአሥራ አራት ጨዋታ ሃያ አምስት፣ ሃያ አምስት፣ ሃያ አምስት። አንድም ቀን ሃያ አራት የለም።

“ሰባቱ መቼ ነው የተዉት?” አለች።

ሮይስ ሃውፕት ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ የሱፍ ፍሬ እየቆረጠመ ልጣጩን ወረቀት ኩባያ ውስጥ ይተፋል። “ግንቦት ላይ። መጥተው ‘አለቃ፣ በዚህ ኳስ እየተደበደብን ነው’ አሉኝ። ተዉት አልኳቸው።”

“እርስዎ ግን ለእኛ አልነገሩንም።”

“እናንተም አልጠየቃችሁኝም፣ ዶክተር።” ዲግሪዋ አንድ ብቻ እንደሆነ እያወቀ ነው ዶክተር የሚላት።

“ኮልቢስ?”

“ኮልቢ አልመጣም። እኔ ደግሞ ግትር ነው ብዬ ተውኩት።” ተፋ። “ወረቀቱ እንደሁ ወደ ሊጉ የሚላከው ስምንት ሰዓት ላይ ነው።”

ሦስት ሰዓት ቀርቷታል። ኮልቢ ቁጥሩን ለመሙላት ብቻ የወረወራቸውን፣ መቺው ሁሉ የሚጠብቃቸውን የመጨረሻ ኳሶች አውጥታ የቀሩትን አንድ በአንድ አየች። ሚያዝያ ላይ ኳሷ መሃል ላይ እየተንጠለጠለች የምትመታ ምስኪን ናት። ሐምሌ ላይ ግን ከመቺው ጉልበት ሥር ትወድቃለች፤ ከሚሞክሯት መቺዎች ግማሽ ያህሉ ይስቷታል። አርባ አይደለችም፣ ስልሳ ናት። የፈጣን ኳሱን ግን አልነካችውም፤ አርባ አምስት ነበር፣ አርባ አምስት ነው። ልጁ ስላሳዘናት ልትጨምርለት አልፈለገችም።

የቢሮው ኃላፊ ዌልማን ስልክ ላይ እስከ መጨረሻው ሰማት። ስህተቱን አልካደም፣ ግን አልከበደውም። ሐሙስ አዲስ የተመረጠ ወርዋሪ ይመጣል፣ ቡድኑ ውስጥ አንድ ቦታ መለቀቅ አለበት፣ ማን ይለቀው ግን ለእሱ ለውጥ የለውም።

“እንግዲያው ሌላ ስም ስጪኝ” አላት። “ከስምንት ሰዓት በፊት።”

ስልኩን ስትዘጋ ሮይስ ገብቶታል። የሰባቱን ስም ስክሪኗ ላይ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

“አንዱን ስለታዘዘ አባረርሽው” አለ። “አሁን ደግሞ አንዱን ስላልታዘዘ ልታባርሪው ነው።”

እውነቱን ነው። በእርግጥ ዓይኗ ከሰባቱ ላይ አልወርድ ብሎ ነበር። እንደከዷት ሁሉ ተናዳባቸዋለች፤ ግን የተመቱበትን ነገር መተው ሞኝነት ነው ብላ መከራከር አትችልም። እሷ ብትሆንም ትተወው ነበር። ስንት እንደወረወሩ የሚያሳየውን ዓምድ ደበቀችው፤ ቀጥላ ያሸነፉትን ጨዋታ፣ ቀጥላ ስማቸውን ደበቀች። የቀረው የእያንዳንዱ ኳስ ፍጥነት፣ አወዳደቅና የልጁ ዕድሜ ብቻ ነው። የቡድኑን ወርዋሪዎች ሁሉ እንዲህ አድርጋ ደረደረች።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ከታች አንድ መስመር ቀረ። ሃያ አምስት ዓመት፣ እዚሁ ቡድን ሦስተኛ ዓመት፣ ፈጣን ኳስ አርባ አምስት፣ ዘገምተኛ አርባ፤ ሁለቱም በሦስት ዓመት ውስጥ ንቅንቅ አላሉም። ስሙን መልሳ አወጣችው። ብራንት ዮደር፣ ከሰባቱ ያልሆነ።

ሮይስ የሱፍ ፍሬውን መቆርጠም አቆመ። ዮደር ዘንድሮ ዘጠኝ ጨዋታ አሸንፏል፣ ከቡድኑ የሚበልጠው የለም። ማርሊስ፣ የሚያሸንፈው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆችን ስለሆነ ነው አለች፤ አንድ ደረጃ ከፍ ቢል እንደሚያልቅለት ሮይስም ያውቃል። ሮይስ አልተከራከረም። አውቶቡስ ውስጥ አዲሶቹን ስፓኒሽ ተናጋሪዎች አጠገቡ አስቀምጦ እንግሊዝኛ የሚያስተምራቸው ዮደር ነው አላት፤ ሚስቱም አርብ ልትጠይቀው እንደምትመጣ ነገራት።

ማርሊስ እጇን ከኮምፒውተሩ አነሳች። አንድ ጊዜ ያልጠየቀችው ነገር ነበር ዛሬ እዚህ ያደረሳት።

“ሮይስ፣ ስለ ዮደር ያልቆጠርነው ነገር አለ?”

ሮይስ ኩባያው ውስጥ አየ። ውጭ አንዱ የሣር ማጨጃ ሞተር ሲያስነሳ ይሰማል።

“ጥሩ ሰው ነው” አለ።

“ስለ ኳሱ ነው የጠየቅኩዎት።”

“ስለ ኳሱ?” ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። “ስለ ኳሱ፣ የለም።”

ስሙን ለዌልማን ላከችው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ “እሺ” የሚል መልስ መጣ፣ ከዚያ ሌላ ቃል አልነበረበትም።

ኮልቢን ከመኪና ማቆሚያው አስጠሩት፤ ሻንጣውን ፒክአፑ ላይ ጭኖ ጨርሶ ነበር። የአላባማ ልጅ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፤ ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። ማርሊስ ስንብቱ እንደተሰረዘ፣ ስህተቱም የእሷ እንደሆነ፣ ሌሎቹ ሰባት ከግንቦት ጀምሮ ትእዛዙን እንደተዉት ነገረችው። የሚቆጣ መስሏት ነበር። እሱ ግን ነገሩን ለመረዳት የሚታገል ሰው ፊት ነበረው።

“አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ ሚስ ማርሊስ?”

“ጠይቅ።”

“እኔ እኮ እየቆጠራችሁ መስሎኝ ነበር።”

ከባርጋስ በቀር የሚቆጥር ሰው አልነበረም ብሎ መናገር ይቻላል፤ ያንን ደግሞ አሁን ራሱ አውቆታል።

“ነገ ስንት ልወርውር?” አለ ኮልቢ።

“የፈለግከውን ያህል።”

ይህን ከስንብቱ ይልቅ የጠላው መሰለ። ባርኔጣውን አዟዟረ፣ አለቃውን አየ፣ እጅ ነስቶ ሻንጣውን ሊያወርድ ሄደ።

ሮይስ ከወንበሩ ተነሳ። ጉልበቱ ጮኸ። “ዮደር መታሻ ክፍል ነው። በይ ልሂድ።”

“እኔ እነግረዋለሁ።”

“እንደሱ አይደለም ሥራው፣ ዶክተር። የሚጽፈው አንቺ ነሽ፣ የሚናገረው እኔ። እዚህ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት እንደዚህ ነው የተሠራው። ወርዋሪው ሲሰናበት ፊትሽን አያይም፣ አንቺም ፊቱን አታዪም።”

“ኮልቢንም ያባረርነው እንደዚያው ነው” አለች ማርሊስ።

ሮይስ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ቢያንስ ዘጠኝ ጨዋታ ማሸነፉን አንሺለት አላት። ማርሊስ፣ ከጠየቀኝ ዘጠኙም ምንም እንዳልረዱት እነግረዋለሁ፣ ካልጠየቀኝ አልነግረውም አለች።

ኮምፒውተሯን አጠፈች፣ ግን ይዛው አልሄደችም፤ ጠረጴዛው ላይ ተወችው። ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።