እትዬ ሐዋ የሸፈኑት ልጅ

ዓይኔ ሸውራራ በነበረ ጊዜ አንድ ጥቅም ነበረው። ኮምቦልቻ ገበያ ቅቤዬን ዘርግቼ አንዷን ገዢ ሳናግር ሁለት ሴቶች እኩል «እኔን ነው?» ይሉኛል። ከዚያ ሌላ የሰጠኝ ነገር የለም። ባለፍኩበት ሁሉ የሚናጠው ቅል ይሸፈናል፣ የምታጠባዋም ፊቷን ታዞራለች። ወተታቸው ቀዝቅዞ ቅቤ አልወጣ ቢላቸው እንኳ ጥፋተኛዋ ጣይባ ናት፣ ቡዳዋ።

የገበያው ይሁን ግድ የለም። ታናሽ እህቴ መርየም በሺርን ስትወልድ ግን አማቷ እትዬ ሐዋ በር ላይ ጠብቀው ልጁን በነጠላ ጠቅልለው አሳዩኝ። ያየሁት ጨርቅ ነው። የእናቴ ልጅ የወለደችውን! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳቤ አንድ ብቻ ሆነ፤ ያንን ልጅ ፊቱን ገልጬ መታቀፍ።

ጠሊያን ደሴ ላይ የዓይን ሐኪም አምጥቷል ሲሉ ሰማሁና፣ ሰኞ ገበያ ቅቤዬን ሸጬ ስጨርስ ሄድኩ። አገሬን የወሰደ ሰው ደጅ መቆም ደስ አይልም፤ ቢሆንም ቆምኩ። ሰውዬው ጠብታ ጨምሮ አደነዘዘኝና የዓይኔን ጅማት ቆርጦ ሌላ ቦታ ሰፋው። በስምንተኛው ቀን ፋሻው ተፈትቶ መስታወት ሲሰጡኝ ሁለቱም ዓይኖቼ እኔኑ አዩኝ። ወላሂ አለቀስኩ።

ሃያ አራት ዓመት አቀርቅሬ የሄድኩበትን መንገድ ቀና ብዬ ተመለስኩ። እስከዚያ ድረስ ሰውን የማውቀው በእግሩ ነበር፤ ያኔ ፊቱን ማየት ጀመርኩ። ብዙም የሚያስቀና ፊት የላቸውም።

ኮምቦልቻ ስደርስ እትዬ ሐዋ ነገሩን ቀድመው ፈርደውታል። ሐኪሙ የራሷን ዓይን አውጥቶ የሞተ ጠሊያን ዓይን ነው የከተተላት ብለው ለመንደሩ አስረድተዋል። በፊት ያገር ቤት ቡዳ ነበረች፣ አሁን ደግሞ ባሕር ማዶ ተሻግራ መጣች አሉ። መንደሩም አመነ፤ እሱ ምን የማያምነው አለ? አንዷ ጎረቤቴማ ጠጋ ብላ ጠሊያንኛ ማንበብ ጀምሬ እንደሆን ጠየቀችኝ። ባገሬ ፊደልስ መቼ አንብቤ አውቃለሁ?

ሰባት ጊዜ ሄድኩ፤ ሰባቱንም ጊዜ ልጁ ተሸፈነ። መርየም አንገቷን ደፍታ ወደ ጓዳ ትገባለች። እሷም አማቷን ትፈራለች።

ልጁ ዘጠኝ ወር ሲሞላው እትዬ ሐዋ እንደተጠቀለለ ተሸክመውት እኔ ቤት መጡ፤ መርየም ከኋላቸው ታለቅሳለች። የበሺር ግራ ዓይን ወደ አፍንጫው ዞሮ ቀርቷል አሉ። የበላሽው አንቺ ነሽ፣ ከጠሊያን ዓይንሽ ጋር ሲሉ ተቆጡ።

«እትዬ ሐዋ፣ የትኛው ቀን አሳዩኝና ነው ያየሁት?» አልኳቸው።

የሸፈኑት እሳቸው ናቸው፣ ምስክሩም እሳቸው። ዝቅ ባለ ድምፅ ያ ሐኪም አሁንም ደሴ አለ ወይ ሲሉ ጠየቁኝ። የሞተ ሰው ዓይን የሚከተው ሐኪም፣ ያው። ጉልበቴ ላይ ወድቀው እንዲለምኑኝ ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽም።

«መጀመሪያ ገልጠው ይስጡኝ» አልኩ።

ገልጠው ሰጡኝ። በሺር በአንዱ ዓይኑ እኔን፣ በሌላው አፍንጫውን እያየ ሳቀ። ያቺን ዓይን አውቃታለሁ፤ ከእኔ ጋር አድጋለች። ጉንጩን ሳምኩት። እትዬ ሐዋን ይቅር አልኩ ማለት ግን አይደለም።

ሰኞ በካሚዮን ወደ ደሴ ተሳፈርን። ልጁ ጭኔ ላይ ነው፣ ፊቱ ተገልጦ። ከፊታችን ከሐርቡ የመጣች ሴት የወተት ቅሏን ታቅፋ ተቀምጣለች። በሺርን አየችው፤ ዓይኑንም አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ነጠላዋን ቅሉ ላይ ሳበች።

እትዬ ሐዋ አዩ። እጃቸው ልጁን ለመሸፈን ተነሳና ሳይደርስ ቀረ። ደሴ እስክንገባ ድረስ ያቺን ነጠላ እያዩ አለቀሱ። እኔ በሺርን ቀና አድርጌ ያዝኩት።