የማይታጠፍ ቢላ

ፀጉር አስተካካዩና የሚስቱ አባት በተገናኙ ቁጥር የሚያወሩት ስለ ዝናብ ነበር፤ ዝናብ ከሌለ ደግሞ ስለ ዝናቡ አለመኖር። አማትዬው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ታዲያ አንድ ጠዋት ራሳቸው ደውለው፣ “ቅዳሜ ጫካ ልወጣ ነው። ድንኳን አለኝ። አንተ ቢላ ይዘህ ና፤ የማይታጠፍ” አሉና ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጉበት። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ግማሽ ፊቱ በአረፋ የተሸፈነው ደንበኛ ደነገጠ። “ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?”

“ኧረ አማቴ ጋበዙኝ።”

ሚስቱ ስትሰማ እልል ማለት ነው የቀራት። “አባባ እኮ ጫካ ማንንም ይዞ ሄዶ አያውቅም! ወንድሜን እንኳ እንቢ ብሎታል። ብቻ አደራህን፣ ውድ ቢላ እንዳትገዛ። ባለፈው ለመቀስ ያወጣኸውን አልረሳሁም።”

የካምፕ ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ ክንዱ ላይ ያለው ፀጉር ለብቻው ሹራብ ይወጣዋል። መጀመሪያ ያወጣለት ቢላ ጀርባው መጋዝ፣ እጀታው ጫፍ ላይ አቅጣጫ ጠቋሚ፣ እጀታው ውስጥ ደግሞ መርፌ፣ ክርና ክብሪት የታጨቀበት ነበር።

“ይሄ ቢላ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ሙሉ ቤት ነው” አለ ሻጩ።

ፀጉር አስተካካዩ ሲነቀንቀው ተንኳኳ። “ቤቱ ግን ይነቃነቃል” ብሎ መለሰለት።

ሁለተኛው መስታወት የመሰለ፣ ቀጭንና ቆንጆ ነበር፤ ዋጋውን ሲሰማ ግን ሚስቱ አጠገቡ የቆመች መሰለውና ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ሦስተኛው የእንጨት እጀታ ያለው፣ አፎቱ ተራ ቆዳ፣ መልኩም ያን ያህል የማይስብ ነው። ብረቱ ግን እስከ እጀታው ጫፍ ድረስ ወጥ ሆኖ ያልፋል። “እሱ ካልጠረግከው ይዝግብሃል። ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው” አለ ሻጩ ቅር እያለው።

ፀጉር አስተካካይ ደግሞ ስለትን የሚያምነው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። እጅጌውን ሰበሰበና ሦስቱንም በየተራ ክንዱ ላይ ሞከራቸው። ሁለቱም ክንዶቹ ተላጭተው ሲያልቁበት ዓይኑ ወደ ሻጩ ክንድ ሄደ። ሻጩም ገበያ ነውና እያቃሰተ ዘረጋለት። የእጅ ባትሪ ሊገዙ የመጡ አንድ አዛውንት ይህን አይተው፣ “ልጄ፣ እግረ መንገድህን የማጅራቴን ፀጉር ብታነሳልኝ” ብለው አንገታቸውን ደፉ። እሳቸውን አስተካክሎ ሲጨርስ ባለእንጨቱን ቢላ መረጠ።

ማታ ሚስቱ ክንዱን አየችው። “ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ቆረቆር ያዘህ?”

“ቢላ ስመርጥ ነው።”

“ጫማ ስትመርጥ እንኳን እንዲህ አላደረግክም!”

ምርጫውስ ምንም አይወጣለትም ነበር። ያጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ሙያው አላስቀምጥ አለውና ቢላውን በየምሽቱ በምላጭ መሳያው ሲስለው፣ ሲያቀጥነው ሰነበተ። አርብ ላይ ወረቀት ሲያስነኩት ድምፅ ሳያሰማ ለሁለት ይከፍለው ጀመር።

ቅዳሜ ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ አማትዬው የደረቀ ጉማጅ እንጨት እግሩ ሥር አንከባለሉለት። “ፍለጥ።”

ቢላውን እንጨቱ ላይ አስደግፎ ጀርባውን በወፍራም ዱላ መታው። ቀጭ! ብሎ ጮኸ። እንጨቱ ንቅንቅ አላለም፤ ስለቱ ግን የወለቁ ጥርሶች ያሉበት አፍ መሰለ። ፀጉር አስተካካዩ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው።

አማትዬው ቢላውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። “ምን አድርገህ ነው የሳልከው?”

“እንደ ምላጭ።”

“እንጨቱ ጢም አለው?” አሉና ሳቅ ገነፈለባቸው፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸውን በመሐረብ እያበሱ ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ አይቷቸው አያውቅም።

“በቃ በእርስዎ ቢላ እንፍለጠው” አለ በኀፍረት።

ሳቁ ቆመ። “የእኔ የለም።”

“እንዴት?”

አማትዬው ከድንኳኑ በታች ወደሚፈሰው ወንዝ በአገጫቸው ጠቆሙ። “ባለፈው ላጥበው ተንበርክኬ፣ ጉልበቴ አልነሳ አለኝ። ቢላውን ውሃ ወሰደው። እኔም እስከ መኪናው በአራት እግሬ ዳኽኩ። በመንገድ አንዲት ላም አግኝታኝ ቆማ ስታየኝ ነበር።” ጣታቸውን ቀሰሩበት። “ለልጄ ብትነግራት ግን ወዮልህ! መኪናውንም ጫካውንም ነው የምትከለክለኝ።”

ፀጉር አስተካካዩ ላሟን ሲያስባት ሳቁ አፉ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ፊታቸውን አይቶ ዋጠው። “እኔ አልነግራትም አባባ። ከእንግዲህ መንበርከኩን ለእኔ ይተዉልኝ።”

እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እሱ ወንዙ ዳር ተንበርክኮ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቢላውን እንደ አዲስ ሳለ። “አታስተኛው፣ ቀና አድርገው! ወፍራም ስለት ነው የምንፈልገው” እያሉ ጮኹበት። እሱም ደንበኛ ፊት ቢሆን የሚያፍርበትን ሻካራ ስለት አወጣ። በቀጣዩ ምት ጉማጁ ለሁለት ተበረገደ። ሁለቱም አብረው ጮኹ። የዚያን ምሽት ድንች ልጠው፣ የታሸገ ምግብ ቆርቆሮ ከፍተው፣ ለድንኳኑ ካስማ ጠርበው፣ የሚጠረብ ሲያጡ ያለ ምክንያት አንድ ማንኪያ የመሰለ ነገር ሠሩ። ሾርባ አይዝም፤ ያፈሳል።

እሁድ ሲመለሱ ሚስቱ በር ላይ ጠበቀቻቸው። “እሺ፣ ምን አወራችሁ?”

“ስለ ስለት” አለ ባሏ።

“ሁለት ቀን ሙሉ?”

“ብዙ ነገር አለው” አሉ አባቷ፣ ከመኪናው ሳይወርዱ። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው በመስኮት ብቅ አሉ። “ድንኳኑ አርጅቷል። ለሚቀጥለው አዲስ ድንኳን ባልሽ ይምረጥ።”

ሚስቱ ጭንቅላቷን ያዘች። “አባባ፣ አታውቀውም! ይሄ ሰው እኮ በየሱቁ ድንኳኑ ውስጥ ተኝቼ ካልሞከርኩት ሊል ነው!”