ለእህቷ ጌም የሰፋችው ልብስ

ጌሙን መጀመሪያ የገዛችው ታላቂቱ እህት ነበረች። ሰው ሁሉ ይህን ቢረሳ እሷ አትረሳውም። መጋረጃና የሶፋ ልብስ እየሰፋች የምትኖር ሴት ናት፤ ባሏ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት። ልጅቱ በትምህርቷ ደህና ውጤት ያመጣች ጊዜ እናት ቃሏን አላጠፈችም፤ ያንን ጥቁር ሳጥን ከነጆይስቲኩ አምጥታ ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጠችው።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሞቀ። ግድግዳ የምትጋራት ታናሽ እህቷ፣ ሚጡ የሚሏት ነርስ፣ ባሏንና መንትዮቿን አስከትላ ትመጣለች። ሁለቱ ባሎች ኳስ ይገጥማሉ፣ የተሸነፈው ይዘለፋል፣ ልጆቹ «ተራዬ ነው!» እያሉ ይገፋፋሉ። ታላቂቱ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና እያየች በሆዷ ትኮራለች። ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ባለቤት መሆን ቀላል ነገር አይደለም።

ደስታው ዕድሜ አልነበረውም። አንድ እሑድ ባሏ ጎል ሊያገባ ሲል ስክሪኑ ቀጥ አለ። ሳጥኑ እንደ ወፍጮ ጮኸ፣ ፊቱ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም አለና ጠፋ። ጠጋኝ ጋ ተወስዶ ተሠራ፤ ጥቂት ሰነበተና መልሶ ቀዩን አበራ።

«እናቴ፣ ይሄ ዓይነቱ ሲፈጥረውም ልበ ደካማ ነው» አላት ጠጋኙ፤ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። «ሙቀት አይችልም። ሲግል የውስጡ ብየዳ ይለቃል። እኔ እበይዳለሁ፣ እሱ ይለቃል። ትንፋሽ ይፈልጋል። ጨርቅ ምናምን እንዳያለብሱት።»

«የኛን ማን አለበሰው?»

«እርስዎ ነዎታ! ሆዱን ብከፍተው ትራስ የሚሞላ የክር ብናኝ ነው ያወጣሁት።»

እንጀራዋ የሆነው ስፌት ጌሟን እንደገደለባት የሰማችው እንዲህ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠፋ ጠጋኙም ተስፋ ቆረጠና ሬሳውን ይዛ ተመለሰች።

ይባስ ብሎ ሚጡ ያንኑ ዓይነት፣ ያንኑ ቀለም ገዛች። የሚጡ እንደ ድመት እያንኮራፋ ያለ እንከን ይሠራል። አሁን ባልም ልጅም ከሥራና ከትምህርት ሲመለሱ ቦርሳቸውን ወርወር አድርገው ወደዚያ ነው። «እራት እዚያ በላን» ትላለች ልጅቱ ስትመለስ። «አክስቴ እኮ ስትሸነፍ እንዴት እንደምታስቅ!» ታላቂቱ የቀረበውን ምግብ መልሳ ትከድናለች። ግድግዳው ስስ ነው፤ የባሏ ሳቅ ከልጇ ሳቅ ተለይቶ ይሰማታል። እሷ ዘንድ እንደዚያ የሳቀው መቼ ነበር? ደግሞ ሚጡ! ከልጅነቷ ጀምሮ የነካችው ሁሉ ይለመልምላታል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ጫማ ቢገዙ እንኳ የሚቀደደው የታላቂቱ ነው።

አንድ ቀን ለደንበኛ ከሰፋችው መጋረጃ ወፍራም ቀይ ከፋይ ተረፈ። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ እህቷ ቤት ሄደች።

«ይሄ ጌምሽ አቧራ እንዳይገባበት ልብስ ልስፋለት» አለች።

«እትዬ፣ አንቺ እኮ!» ብላ ሚጡ ጉንጯን ሳመቻት።

ሁለት ድርብ ገበር አደረገችለት። ለሲዲው ከፊት፣ ለገመዱ ከኋላ ቀዳዳ ተወች። ማራገቢያው የሚተነፍስበትን ግን ልክክ አድርጋ ዘጋችው። ስትሰፋ ሁሉ «ለአቧራ ነው» ትላለች ለራሷ፤ የጠጋኙ ቃል ግን ጆሮዋ ላይ ነበር።

ከዚያ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ጥላ ከረመች። ሳቁ አልተቋረጠም። አንድ አመሻሽ ግን ወዲያ ማዶ ጸጥ አለ። ልጇ ዓይኗ ቀልቶ ገባች።

«የአክስቴም ቀይ አበራ!»

የእናት ልብ ቅቤ ጠጣ። «እንዲህ ነው፣ ዕቃ መቼ ይታመናል» አለችና ራት አቀረበች። ግን ልጅቱ ሳህኗን ገፍታ ተኛች፤ ባል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሶፋው ላይ ተጋደመ። ሁለቱም ቤታቸው ገቡ እንጂ እሷ ዘንድ አልመጡም።

ሚጡ ጌሟን ታቅፋ የመጣችው ከሰነበተች በኋላ ነው። እንደ ወትሮዋ አልሳቀችም።

«ጠጋኙ ከሁለቱ አንድ ደህና ይወጣል ብሎኛል። ያንቺንም ጨምረሽ ውሰጂለት። ሲሠራ አንቺ ጋ ይሁን።»

ታላቂቱ ሁለቱን በፌስታል ይዛ ሄደች። ጠጋኙ ገና ከማየቱ ምላሱ ተፈታ። «እህትዎ ከገበያ ገዛሁት ያሉኝ ልብስ ነው የፈጀው። ልብሱን ሳየው ግን የገበያ አይመስልም፤ በልክ የተሰፋ ነው። ሰፊው ወይ ደንቆሮ ነው፣ ወይ ክፉ።»

እህቷ ሸፍናላታለች። መጀመሪያ ሐፍረት ወረራት፤ ቀጥሎ የመጣውን ግን ራሷም አልጠበቀችውም። ቀናች። በዚህም በለጠችኝ! በደግነትም!

ስትመለስ ሚጡ ልብስ ታሰጣ ነበር።

«ለምን ከገበያ ነው አልሽው?»

«ታዲያ እህቴ ናት የገደለችው ልበል?» ሚጡ ያጠበችውን ሸሚዝ ጨምቃ ገመዱ ላይ ወረወረችው። «ጨርቅ እንዳታለብሺው ነግሮሽ እንደነበር ጠጋኙ አጫውቶኛል። ልጆቼ ምን አደረጉሽ? እኔስ ምን አደረግሁሽ?»

«ምንም። የኔ ሰዎች አንቺ ቤት ሲስቁ መስማት አቃተኝ።»

«መጥተሽ አብረሽ አትስቂም ነበር?»

«ማን ጠራኝ?»

«እህት ይጠራል እንዴ፣ እትዬ?» አለች ሚጡ። «ባልሽን ሁልጊዜ ጥራት እለው ነበር። ሥራ ይዛለች ይለኛል።»

ታላቂቱ ጎንበስ ብላ ከሳፋው ውስጥ አንድ አንሶላ አነሳች፤ ጫፍና ጫፉን ይዘው ጨመቁት። ይቅርታ ያለችው በመሃል ነው፤ ሚጡም «ሰማሁ» አለች እንጂ ምንም አይደለም አላላትም። ኩርፊያዋም ቶሎ አልለቀቃትም።

ከሁለቱ የወጣው አንዱ ጌም ሚጡ ቤት ተቀመጠ፤ ታላቂቱ «እኔ ጋ የክር ብናኝ ይገድለዋል» ብላ እንቢ አለች። ጠጋኙ ዋስትና አልሰጠም። «እስከቻለ ይጫወቱበት» ነው ያለው።

የመጀመሪያው ቀን እሷም ሄደች። ጆይስቲክ አስያዟት፤ የራሷ ግብ ላይ ጎል አገባች፤ ባሏ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። መሳቋ ለራሷም ገረማት። ከዚያ ቀና ስትል ልጇን ሶፋው ላይ የአክስቷን ትከሻ ተደግፋ አየቻት፤ ያ የምታውቀው ነገር ደረቷ ውስጥ ቆንጠጥ አደረጋት።

ዝም አላለችም። ተነሥታ ሶፋው ጋ ሄደች።

«እስቲ ጠጋ በሉልኝ» አለችና በሁለቱ መሃል ተቀመጠች።