የነሐሱ ውሻ ፎቶ

እማዬን ቀብረን በተመለስን ማግስት አክስቴ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ቃኘችና «ፎቶዋ የታለ?» አለችኝ። አክስቴ የእማዬ ታላቅ እህት ናት። ለቀስተኛ ሲገባ የሟች ፊት ከፊት ለፊቱ መኖር አለበት፤ አለዚያ ሰው ለማን እንደሚያለቅስ ይጠፋዋል ብላ ታምናለች። «እፈልገዋለሁ» አልኳትና ተነሳሁ። ወደ መኝታ ቤት ስገባ ግን እንደማላገኘው ልቤ ያውቅ ነበር።

የሚገርመው ቤታችን በሰው ፊት የተሞላ መሆኑ ነው። አባዬ ይሰበስባል። ከዝሆን ጥርስ የተቀረጹ ዓሣ አጥማጆችና መላእክት፣ በጭብጥ የሚያዙ የነሐስ ፈረሶችና ውሾች ይሰበስባል። ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው ግን ትንንሾቹን የሰው ምስሎች ነው። ድሮ ፎቶ ሳይፈጠር ሀብታሞች የሚወዱትን ሰው ፊት በስስ የዝሆን ጥርስ ላይ በውሃ ቀለም ያሠሩና ደረታቸው ላይ ያንጠለጥሉት ነበር። እነዚያን ፊቶች አባዬ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ፣ ከጨረታ፣ ባለቤቱ ከሞተበት ቤት እየለቀመ ባለመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ደርድሯቸዋል። ስማቸውን አያውቅም፤ የሚያውቅም የለም። የማን ዓይን ወደ አረንጓዴ እንደሚያደላ፣ የማን አገጭ ላይ የሠዓሊው እጅ እንደተንቀጠቀጠ ግን በቃሉ ይነግራችኋል።

ከሳሎኑ ቀጥሎ ያለው ክፍል የነሱ ነው። በቤታችን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኘው እሱ ክፍል ብቻ ሆኖ ሳለ መጋረጃው ተከፍቶ አያውቅም፤ ብርሃን ቀለማቸውን ያደበዝዘዋል። አየሩ ሲደርቅ ደግሞ የዝሆን ጥርሱ ስለሚሰነጠቅ ቁም ሳጥኑ ውስጥ በብርጭቆ ውሃ ይቀመጥላቸዋል። ውሃውን የምትቀይረው እማዬ ነበረች። ብርጭቆው ጎድሎ ስታገኘው «እንግዶቹ ዛሬም ጠምቷቸዋል» ትለኝና ትስቃለች። እኔም እስቅ ነበር፤ ያኔ ልጅ ነኝ።

ፎቶ ጭራሽ አልነበረም ማለቴ አይደለም። እማዬና አባዬ አንድ የሠርግ ፎቶ ነበራቸው፣ አክስቴ በሰጠቻቸው የነሐስ ክፈፍ ውስጥ ሆኖ የአልጋው ራስጌ ላይ የሚቆም። አባዬ አንድ ቀን ክፈፉን በማጉያ መነጽሩ ሲያገላብጠው ዕድሜ ያለው ዕቃ ሆኖ አገኘው። እሱንና እማዬን ከውስጡ አወጣቸውና ቦታውን ከምስሎቹ ለአንዷ፣ ነጭ ፀጉሯ ለተቆለለ አሮጊት ሰጠ። ፎቶውንስ ሲባል «አንድ ቦታ አስቀምጬዋለሁ» አለ። ያንን አንድ ቦታ እነሆ እስከ ዛሬ እየፈለግነው ነው።

መሳቢያ ገለበጥኩ። መታወቂያዋን አገኘሁት፤ ማኅተሙ ሌላ ማረፊያ ያጣ ይመስል ከአፍንጫዋ እስከ አገጯ ተመትቶባታል። ትምህርት የጨረስኩ ቀን የተነሳሁትን አገኘሁ፤ እማዬ ዳር ቆማ ስለነበር ፎቶው የያዘው ትከሻዋን ነው። በመጨረሻ ከአልጋው ሥር የአባዬን የፎቶ ካርቶን ጎትቼ አወጣሁና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ ውስጥ እማዬ ሞልታለች። ግን እጇ ነው።

አባዬ ያገኘውን ዕቃ ሁሉ ፎቶ እያነሳ፣ እንደሱ ለሚሰበስቡ ወዳጆቹ ይልካል። የዕቃው መጠን እንዲታወቅ አጠገቡ ማስመሪያ ይደረጋል፤ ሌሎቹ የሚያደርጉት እንደዚያ ነው። አባዬ ግን ማስመሪያ አይወድም፤ ነገሩን የሱቅ ዕቃ ያስመስለዋል ይላል። ስለዚህ እማዬን ከወጥ ቤት ይጠራታል። እሷም እጇን በሎሚ ፈትጋ፣ ታጥባ፣ አድርቃ ትመጣና መዳፏን ትዘረጋለታለች። «ዝቅ አድርጊው። ጥላ እየጣልሽበት ነው። ጣትሽን እጠፊው፣ እንደሱ» ይላታል። ድስቱ እያረረ እሷ አትነቃነቅም። በሕይወቱ አመስግኗት የሰማሁት «መዳፍሽ ጥሩ ነው» ሲላት ብቻ ነው።

አንድ ከሰዓት የማልረሳው አለ። እማዬ አዲስ ሻርፕ አድርጋ ነበር፤ አክስቴ የገዛችላት ነው። እጇን ዘርግታ ሦስት አራት ዕቃ ካስነሳች በኋላ አንገቷን ሰበር አድርጋ «እስቲ ዛሬ እኔንም አንሳኝ» አለችው። አፍራ ነበር፤ ጉንጯን በእጇ ጀርባ ስትነካ አይቻታለሁ። አባዬ ካሜራውን አየት አደረገና «ፊልሙ ላይ አንድ ነው የቀረኝ፤ ውሻው አልተነሳም» አላት። ጆሮውን የሚያክ ትንሽ የነሐስ ውሻ ነበር፣ ጭራው ወደ ላይ የተጠቀለለ። እማዬ «እሺ፣ እሱ ይቅደም» አለችና እጇን መልሳ ዘረጋች። ሌላ ቀን አልጠየቀችውም። ያንን ፎቶ ካርቶኑ ውስጥ አገኘሁት። ለብቻው ኪሴ ከተትኩት።

ሳሎን ተመልሼ «የለም» አልኩ። አክስቴ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ወደ አባዬ ዞረች። «አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ቤት ስንት የማይታወቅ ሰው በመስታወት ተቀምጦ እህቴ አንድ ፎቶ የላትም?» አለችው። አባዬ ቀና አላለም። ዓይኑ አብጧል፤ ከልቡ ሲያለቅስ ነው የሰነበተው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ተገላግዬ ነበር፤ ጠልቼው አርፍ ነበር። ክፉ አይደለም። ዓይኑን በመሐረብ ጠረገና «ሥዕሏን አሠራለሁ። እንደነሱ፣ በትንሹ። ለመቃብሩ ድንጋይም ከሱ ይገለበጣል» አለ።

እንደነሱ ማለቱን አልወደድኩትም። ግን ሌላ ምን ነበረኝ? ከዚህ ሥዕል በቀር የእማዬን ፊት የሚያስቀርልኝ ነገር የለም። እኔ ራሴ ወረቀት ይዤ ሞክሬ ዓይኗ ላይ ስደርስ እጄ ተሳስሯል። ደግሞ እኮ በየቀኑ እያየሁት ያደግኩት ፊት ነው።

ሠዓሊው በሳምንቱ መጣ። ለአባዬ የተሰነጠቁና ቀለማቸው የረገፈ ምስሎቹን የሚያድስለት፣ ቀጭንና ዝምተኛ ሰው ነው። ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ሥር ተቀመጠና ሣጥኑን ከፈተ። «በምን ላይ ልሥራው ጋሼ? ያ ሳይቀለም የቀረ ስስ የዝሆን ጥርስ አለ አይደል?» አለው።

«አለ» አለ አባዬ። ትንሽ አሰበ። «እሱ እንኳ አሮጌ ነው። አዲስ ቀለም ካረፈበት አሮጌነቱ ይበላሻል። ወረቀት ላይ ይሁን።»

አክስቴ አየችኝ። እኔ ጣራውን አየሁ።

«እንግዲህ ይንገሩኝ» አለ ሠዓሊው እርሳሱን አንስቶ። «ምን ትመስል ነበር?»

አባዬ ዓይኑን ጨፈነ። «ፊቷ ሞላላ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ቅንድቧ ስስ፣ የግራው ከቀኙ ትንሽ ከፍ ያለ፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር የሚያስገርማት ያስመስላታል። ከንፈሯ ገጥሟል፤ ግን ልትናገር አስባ የተወችው ዓይነት ነው።» እውነቴን ነው የምለው፣ በዚያች ሰዓት ሆዴ ባባ። ለካ ያያት ነበር አልኩ። እኛ ሳናውቅ፣ ከዚያ ሁሉ ዕቃ መሃል እየሰረቀ ያያት ነበር። የእማዬ ቅንድብ ከፍና ዝቅ ማለቱን እኔ ልጇ ልብ አላልኩም፤ እሱ ግን ይዞታል። ስንት ዓመት የተቀየምኩትን ሁሉ ይቅር ልለው ተዘጋጀሁ።

«አንገቷ ረጅም ነው» ሲል ቀጠለ። «ፀጉሯ ከጆሮዋ ኋላ ይሰበሰብና አንዱ ዘለላ አምልጦ በግራ ትከሻዋ ላይ ይወርዳል።»

«ምን ዘለላ?» አለች አክስቴ። «የማን አንገት?»

የእማዬ ፀጉር ሳስቶ ስለነበር ከሻርፕ ወጥቶ አያውቅም። አንገቷም አጭር ነው፤ ራሷ «ጭንቅላቴን ትከሻዬ ላይ አስቀምጠው አንገቱን ረሱብኝ» እያለች ታስቀናለች፣ ታስቀን ነበር። ወደ ሠዓሊው ዞር ስል እርሳሱን ወረቀቱ ላይ እንዳስቀመጠ ቀጥ ብሏል። ጆሮው ቀልቷል። ያንን የግራ ቅንድብ አምና ከአባዬ ምስሎች በአንዷ ላይ በራሱ ብሩሽ የሞላው እሱ ነበር። ያኔ ለእኔም ፍንትው አለልኝ።

ተነስቼ ወደ ጨለማው ክፍል ገባሁ። ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ከላይኛው መደርደሪያ፣ መሃል ላይ የምትቀመጠውን ባለሰማያዊ ቀሚስ ሴት አወጣኋት። አባዬ ከሁሉ አስቀድሞ የገዛት እሷ ናት። ሞላላ ፊት፣ ከፍ ያለ የግራ ቅንድብ፣ ገጥሞ ሊናገር ያሰበ ከንፈር፣ ትከሻ ላይ የወረደ ዘለላ። አመጣኋትና ሠዓሊው ከጀመረው ወረቀት ጎን አስቀመጥኳት።

አክስቴ ጎንበስ ብላ ሴትየዋን አየቻትና በእጇ አፏን ያዘች። እኔ አባዬን ነበር የማየው። ያፍራል ብዬ ጠበቅሁ፤ ይደነግጣል፣ ያለቅሳል፣ ወይም ይቆጣኛል። እሱ ወረቀቱን አየ፣ ሴትየዋን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን።

«ትመስላታለች» አለ ግራ እንደተጋባ። «እናትሽን ከማወቄ በፊት የገዛኋት ናት።» ከዚያ በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ መድረሱን አስተዋለ። «ብርሃን እንዳያገኛት፣ በይ መልሺያት።»

ሠዓሊው ብሩሾቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰበሰበ። በሩ ድረስ ስሸኘው «ይቅርታ እህቴ» አለኝ፤ ምንም ያጠፋው ነገር አልነበረም። አክስቴ ሥዕሉን ቀዳድዳ ጣለችው። እኔ ሴትየዋን ወደ ቦታዋ መለስኳት። ብሰብራት ምን ነበረበት እላለሁ አሁን። ብርጭቋቸው ግን ጎድሎ አየሁትና ሳልሞላው ትቼው ወጣሁ፤ አቅሜ እስከዚያ ነበር።

በነጋታው ኪሴ ያለውን ፎቶ ይዤ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ድንጋይ ጠራቢው ለመቃብሩ የሚሆን ድንጋይ ጨርሷል፤ ላዩ ላይ ለፎቶ የሚሆን እንቁላል መሰል ጎድጓድ ቆፍሮ ይጠብቀናል።

«እዚህ ላይ እኮ ፊት ነው የሚሠራው» አለ ባለፎቶ ቤቱ።

«ያለኝ እጅ ነው» አልኩት። «ውሻውን አጥፋልኝና እጁን ብቻ አስቀርልኝ።»

ጎበዝ ሠራተኛ ነው። ውሻውን አወጣው። መዳፏ ተዘርግቶ፣ ጣቶቿ ታጥፈው፣ አውራ ጣቷ ላይ የድስት ክዳን ያቃጠላት ጠባሳ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጣ። ከመዳፏ ላይ የውሻውን ጥላ ብቻ ላጥፋው ብሎ አቃተው፤ ቆዳዋን ያበላሽብኛል አለ። «ተወው» አልኩት። ሲያስረክበኝ ትንሽ አመነታና «አትቀየሚኝ፣ እጇን ዘርግታ የምትለምን ትመስላለች» አለኝ።

«ትምሰል» አልኩት። መለመኗ ውሸት አልነበረም።

ድንጋዩ በተተከለ ቀን ሦስታችን ሄድን። አባዬ የሠርግ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ነበር፤ ሰፍቶታል። አክስቴ አበባውን አስቀምጣ ድንጋዩን በመዳፏ አበሰችና እጁ ላይ ስትደርስ ወዲያው አወቀችው። «እቴ» አለች ቀስ ብላ። ጠባሳውን በጣቷ ነካች። ዘወር ብላ አለቀሰች።

አባዬ ከኪሱ ማጉያ መነጽሩን አወጣ። ጉልበቱን እያመመው ተንበርክኮ ወደ ፎቶው ተጠጋ። ብዙ ቆየ። መነጽሩን ከጣት ወደ ጣት፣ ከጣት ወደ መዳፍ ያንቀሳቅሰዋል። እኔ ከኋላው ቆሜ ጠበቅሁት፤ ከዚያ ሁሉ በኋላም፣ አለማፈሬ፣ ጠበቅሁት። ስሟን ቢጠራት ይበቃኝ ነበር።

«ይቺ የጭራው ጥላ ናት» አለ ቀና ብሎ። ፊቱ በርቷል፣ የጠፋ ዕቃ እንዳገኘ። «ይሄ የነሐሱ ውሻ ፎቶ አይደል እንዴ? ውሻውን ለምን አወጣሽው?»

«ፎቶው የእማዬ ስለነበር» አልኩት።

ምን እንዳልኩት አልገባውም። ማጉያውን በመሐረብ ጠርጎ ኪሱ ከተተና ከተንበረከከበት እንዳነሳው እጁን ዘረጋልኝ።