ከቁርቁራው አርባ እርምጃ

ሼህ ሷሊሕ ስልኩን ከፊቱ ደቅኖ የሚሄድ እንግዳ ሲያዩ፣ ሌላው ሰው ሌባ ሲያይ ኪሱን እንደሚዳብሰው፣ ሽርጣቸውን ጠበቅ ያደርጋሉ። አይፈረድባቸውም። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ሰዎች ተመራማሪ ነን ብለው፣ ጢጥ ጢጥ የሚል ዕቃ ይዘው፣ ከሸዋሮቢት ባጃጅ ተሳፍረው መጡና የጥንቱን መስጊድ ፍርስራሽ ሲዞሩ ዋሉ። ሼሁ በገዛ እጃቸው ውሃ ቀድተው አጠጧቸው። በማግስቱ ከሚህራቡ፣ ኢማሙ ቆሞ ከሚያሰግድበት ጎድጓዳ፣ አጠገብ የነበረው ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ የለም። ሰዎቹም የሉም። ያጠጡት ውሃ እስከ ዛሬ ይቆጫቸዋል።

ከዚያ ወዲህ የኮረብታው ጠባቂ እሳቸው ናቸው፤ የሾማቸው ሰው ግን የለም። የሚጠብቁት ደግሞ ፍርስራሹን ብቻ አይደለም። ከፍርስራሹ በታች ያለው ሜዳ ለማያውቀው ድንጋይና እሾህ ነው፤ ለሚያውቀው መቃብር ነው። የሰፈሩ ሰው በቀብር ላይ ስም አይጽፍም፤ ድንጋዩንም ከመሬት እኩል አድርጎ ስለሚያስቀምጠው ሳር ይሸፍነዋል። ሙታኑ የሚታወቁት በአፍ ነው። ከትልቁ ቁርቁራ ዛፍ በየት በኩል፣ ስንት እርምጃ እንደሆነ የቀደመው ለተከታዩ ይነግራል። የሼሁ ሚስት አሲያ ወደ ፀሐይ መውጫ አርባ እርምጃ ላይ ናት። ሼሁ ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት፣ በኋላ እየቆጠሩ ይሄዱና የቁርኣኑን መክፈቻ ፋቲሃን ይቀሩላታል።

ማሽላው በሚታጨድበት ሰሞን ሰብለ የምትባል የወረዳው የቱሪዝም ባለሙያ መጣች። ነገሩን ረጋ ብላ አስረዳቻቸው። ጎብኚው መንገዱን በስልኩ እያየ ይመጣል፤ በቀን የሚገባው ሰው ቁጥር ይወሰናል፤ አስጎብኚዎቹም የሰፈሩ ልጆች ይሆናሉ። እሷ የምትፈልገው ሼሁ ስልኩን ይዘው እንዲዞሩና ያለውን እንዲነግሯት ብቻ ነበር፤ ስልኩ የረገጡትን ሁሉ እየመዘገበ ካርታ ያወጣል።

ሼሁ ይህን ሲሰሙ ልባቸው ውስጥ ያለው ጥርጣሬ ሁሉ ተነሣ። የዚህች ልጅ ፊት ደግ ነው፤ የእነዚያም ፊት ደግ ነበር።

«የማይረገጥ ቦታ አለ ወይ፣ ሼህ?» አለቻቸው ሰብለ።

«የለም፣ ልጄ። ድንጋይና እሾህ ነው።»

መቃብሩን ካወቁት ወርቅ አለ ብለው ይቆፍሩታል፤ የሼሁ ሐሳብ ይህ ነበር። ስለዚህ ሜዳውን በሩቁ ዞረው በላይ በኩል ወሰዷት። እንዳትሰለች ብለውም ማጭዳቸውን የሚስሉበትን አለት የሱልጣን ፈረስ ማሰሪያ ነው አሏት። ምስኪን፣ እሱንም መዘገበችው። ሼሁ ማታ እራት ሲበሉ አንጀታቸው ቅቤ ጠጥቶ ነበር።

ሁለት ወር አለፈ። ልጃቸው ዙልፋ ከተማ ነው የምታስተምረው፤ አንድ ቅዳሜ ቀበሌው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ካርታ በስልኳ አንስታ መጣች። በሁለት ጣቷ እያሰፋች አሳየቻቸው። መኪና ወደ ፍርስራሹ ወጥቶ ግንቡን እንዳያናጋ አውቶቡሶች ታች እንዲቆሙ ተወስኗል። ማቆሚያው ያረፈው ከቁርቁራው ሥር፣ ሜዳው ላይ ነው።

«አላልኩሽም፣ ዙልፋ? ሊቆፍሩት ነው» አሉ ሼሁ።

ዙልፋ ከካርታው ግርጌ ያለውን አነበበችላቸው። «ባዶ መሬት። መረጃ ሰጪ፦ ሼህ ሷሊሕ።» ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸው። «አባዬ፣ ኧረ ምን ብለዋቸው ነው?»

ሼሁ ሽርጣቸውን ጠበቅ አደረጉ። ልጅቱም እናቷ የት እንዳለች ታውቃለችና አልደገመችም።

ካርታው ሥር ቅሬታ ያለው በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ ያሰማ የሚል ተጽፎ ነበር፤ የቀረው አራት ቀን ነው። ሼሁ ይህንንም አላመኑትም። ለወጉ ያህል የተጻፈ ነው አሉ። ሜዳው ላይ ለማቆሚያው የተተከለውን ችካል ነቅለው ወንዝ ሊጥሉትም አሰቡ። ዙልፋ ችካሉ ቢነቀል ነገ ይተከላል፣ በካርታው ላይ ያለው ቃል ግን የእርስዎ ነው አለቻቸው። አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይማረኝ እያሉ ቀኑን ሙሉ ከቁርቁራው ሥር ተቀምጠው ዋሉ።

ቅሬታው በሚሰማበት ስብሰባ ቀን ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ፣ እድሜ ልካቸውን ሲያከብራቸው የኖረ ሰው ፊት ቆመው ዋሸሁ አሉ። መቃብር ነው አሉ። የፈረሱን ማሰሪያም አልደበቁም፤ እዚያ ላይ ሰዉ ሳቀ። የእሳቸው ፊት ግን እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር።

የባጃጅ ሾፌሮች ማኅበር ሊቀ መንበር ፍቅሩ አልሳቀም። ማቆሚያው እዚያ ቢሆን ባጃጆቹ ከዚያ ተነሥተው ሰው ያመላልሳሉና ነገሩ ይመለከተዋል፤ ክፉ ሰው ግን አይደለም። እጁን አውጥቶ ተነሣ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሼህ። ያን ጊዜ ከዋሹ፣ ዛሬ እውነት ለመናገርዎ ምን ማረጋገጫ አለን?»

ሼህ ሷሊሕ ይህን ጥያቄ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለመጣው ሁሉ ሲጠይቁ ኖረዋል። ወደ እሳቸው ዞሮ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። ስም የለ፣ ጽሑፍ የለ። እንዲህ አፍረው አያውቁም።

ከኋላ እትዬ ከዲጃ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። ሴትዮዋ በሰፈሩ ከሁሉም በዕድሜ ይበልጣሉ። «እናቴ እርምጃውን ለእኔም ቆጥራ ሰጥታኛለች፤ ከእሷ ወዲህ የተቀበሩትንም እኔው ቆጥሬያለሁ» አሉ። «ለየብቻ አስኪዱን።»

በማግስቱ ጠዋት እንዲሁ ተደረገ። ማንም እንዳያንሾካሹክላቸው ፍቅሩ እትዬ ከዲጃን ቤታቸው ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው፤ ሼሁ ከሰብለ ጋር ከቁርቁራው ተነሡ። በየቀብሩ እየቆሙ ስም ተናገሩ። አርባኛው እርምጃ ላይ ሲደርሱ ግን ጎንበስ ብለው ሳሩን ከድንጋዩ ላይ ገለጥ አደረጉ። ሰብለ አላጣደፈቻቸውም።

«አሲያ» አሉ በመጨረሻ። ፊታቸውን አዞሩ።

ቀጥሎ እትዬ ከዲጃ መጡና በአርጎብኛ እየቆጠሩ ዞሩ። ሲጨርሱ ሰብለ ሁለቱን ምዝገባ አንድ ላይ ከፈተችው። የሼሁ ሃያ ሦስት ቀይ ነጥብ ከእትዬ ከዲጃ ሃያ ሦስት ሰማያዊ ነጥብ ላይ አርፏል። ፍቅሩ ስልኩን ተቀብሎ አየ፤ ከዚያ እሱ ራሱ የቆመበትን ፈለገ፤ ከነጥቦቹ በአንዱ ላይ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ። ማቆሚያውን ከወንዙ ድልድይ ወዲያ ማድረግ ይቻላል ያለውም እሱ ነው።

ሰው ሲበተን ሼሁ ከዙልፋ ጋር ቀሩና ሰብለን ጠሯት። «ያ የፊተኛው፣ ባዶ ነው ያልኩት፣ ይጥፋልኝ» አሏት በለሆሳስ።

«አይጠፋም፣ ሼህ። የፊተኛውም ከነቀኑ፣ ከነስምዎ ይቀመጣል፤ አዲሱ ከላዩ ይጻፋል። እኔም አለቃዬም መደምሰስ አንችልም። የፈለገ ሰው ከፍቶ ያየዋል።»

«ነገ አንዱ መጥቶ ይህን ቦታ ልለውጥ ቢልስ?»

«የእሱም ስም ይቀመጣል።»

ሼሁ የተወሰደውን ድንጋይ አሰቡ። ያን ጊዜ የእነዚያ ሰዎች ስም የትም አልተጻፈም፤ ማን እንደላካቸውም እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሰብለን ትክ ብለው አዩዋት። ሙሉ በሙሉ አምነዋት እንዳይመስላችሁ፤ ዙልፋ ስክሪኑን ፎቶ እንድታነሣው በዓይናቸው ጠቅሰዋታል።

«እንግዲያው የእኔም ይቀመጥ» አሉ። «አሲያን ባሏ ባዶ መሬት ናት እንዳላት ልጆቿ ይወቁት።»

ከዚያ ልጃቸውን ይዘው ወደ ቁርቁራው ተመለሱ፤ አንድ ብላ እርምጃውን መቁጠር እንድትጀምርም ነገሯት።