ወፋ ጃሲ የደበቁት ብልሽት

አይ፣ ነዳጅ አይደለም፣ ነዳጁ ይደርሳል፣ ካርቡራቶሩን ሁለቴ ከፍቼ አየሁት፣ ታዲያ ምን ሆነህ ነው ወባ እንደያዘው ሰው የምትንቀጠቀጠው፣ አዲስ ፒስተን ከነፋሻ ቀለበቱ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በገዛ እጄ ፈትቼ የገጠምኩህ፣ ደግሞ በማርሚታው ዷ! እያልክ እናቴን ታስደነግጣለህ። እማና አክስቶቼ የክት ልብሳቸውን ለብሰው አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል፣ ለምርቃቴ። ይሄ ታክሲ በደንብ ከሠራ ዛሬ መካኒክ እባላለሁ፣ ካልሠራ ሌላ አንድ ዓመት ለወፋ ጃሲ መፍቻ አቀባይ። አራት ዓመት አይበቃም?

ተረጋጊ ፖክዋ፣ እላለሁ ለራሴ። ወፋ የእናትሽ ወንድም ቢሆኑም በሞተር ነገር ዘመድ አያውቁም። ኩማሲ ያለ መካኒክ ሁሉ ያውቃቸዋል፣ በምርቃት ቀን ተማሪው ምሳ ሲበላ ተደብቀው አንዲት ነገር ያበላሻሉ፣ ከዚያ በዘመድ ፊት አስነሳ፣ ፈልግና አግኝ። አብሮኝ የሚማረው ቤዲያኮ ሳያገኝ ዕቃ ሻጩን ሲረግም ዋለ፣ ዓመት ጨመሩለት። እኔ ሆዳሟ ደግሞ ሩዝ በባቄላዬን ይዤ ግማሽ ሰዓት ጠፋሁ፣ ለሳቸው ተንኮል ከበቂ በላይ።

እሺ፣ እሳቱን ልፈትሽ። አንደኛውን የካንዴላ ገመድ እነቅላለሁ፣ ሞተሩ ይብስበታል፣ ጥሩ፣ እሱ ይሠራል ማለት ነው፣ አራተኛውን፣ ይብስበታል፣ ሁለተኛውን፣ ምንም። ሦስተኛውን፣ ምንም! ገመዶቹን በጣቴ እከተላለሁ፣ የሁለተኛው ሦስተኛው ላይ፣ የሦስተኛው ሁለተኛው ላይ፣ አገኘሁዎት፣ አቤት እኚህ ሽማግሌ!

አቀያይራለሁ። ቁልፉን። ኦ። መንቀጥቀጥ የለ፣ መተኮስ የለ፣ እጄን አሳርፍበታለሁ፣ የሚመታው የኔ ልብ ነው።

አክስቶቼ እልል፣ እኔም አፌ አያርፍ፣ ወፋ፣ ተንኮልዎን አገኘሁት፣ ሁለቱን ገመድ አለዋውጠው! ወፋ ያዩኛል፣ የቱን ተንኮል፣ እኔ መቼ ነካሁት፣ ልነሳ ስል እናትሽ ወሬ ጀመረችብኝ፣ ይኸው እስካሁን አልጨረሰችም።

እማ አንገቷን ትነቀንቃለች፣ እውነት ነው ልጄ።

እና እኔ ነኝ? እኔው ራሴ? ትናንት እየዘፈንኩ ስገጥም፣ ወይኔ፣ ቤዲያኮ ወዲያ ማዶ ሆዱን ይዞ ይንከተከታል፣ ፊቴ ነደደ፣ አለቀ፣ አራት ዓመቴ ገደል ገባ፣ ወፋ መጡ፣ ከኪሳቸው ተመራቂ ላይ የሚነሰነሰው ነጭ ፓውደር፣ አናቴ ላይ፣ አንገቴ ውስጥ፣ ቆርቆሮው እስኪራገፍ፣ እኔ እንኳ ይህን ያህል አላከብድብሽም ነበር ይላሉ፣ ሳቄ ያመልጠኛል፣ ዓይኔ ውስጥ ፓውደር፣ እንባ፣ ጥፋቱም የኔ፣ ያገኘሁትም እኔ፣ ሞተሩ አልጠፋም፣ መካኒክ ነኝ፣ እማ፣ መካኒክ